ዋልያን ለማየት ማን ይነሳ? ከሰሜን ተራሮች እስከ በላያ

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉባ ላይ ከተመረቀ ወዲህ፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሲነሳ ከወርቁና ከእብነ በረዱ ጋር ቱሪዝምም አብሮ ይነሳል። ንጋት የተባለው ሐይቅ ሲሞላ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ የጣናን ግማሽ ያልፋል ማለት ነው። ትናንት ኮረብታ የነበረው ዛሬ ደሴት ሆኗል። ጀልባው፣ ዓሣውና ሎጁ ቢታሰብ አይገርምም። የእኔ ዓይን ግን ከውኃው በላይ ያለው ላይ ነው፤ በመተከል በኩል ከቆላው መሐል ብቻውን የቆመው የበላያ ተራራ።

በላያን የታሪክ አንባቢ ያውቀዋል። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኡም ኢድላ ድንበር ተሻግረው የገቡት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ከእንግሊዛዊው መኮንን ኦርድ ዊንጌት ጋር ወደ ጎጃም ደጋ ከመውጣታቸው በፊት የሰፈሩት እዚያ ነበር። ስንቅና ጥይት ተሸክመው ከሱዳን የተነሱት ግመሎች በሺህ እየተቆጠሩ በዚያ መንገድ አልቀዋል። ዛሬ ግን በላያ እንደ ሰሜን ተራሮች ካምፕ የተሰናዳለት፣ አስጎብኚና ባለ በቅሎ የተደራጀለት የጉዞ መስመር የለውም። አንድ ቀን ይኖረው ይሆናል። ያ ቀን ከመምጣቱ በፊት፣ በተራራ ላይ የእግር ጉዞና አራዊት በማየት ሌላው የሀገራችን ክፍል ምን አተረፈ፣ ምንስ አበላሸ የሚለውን ማየት ለአሶሳ ሰው ይጠቅመዋል።

ከሰሜን ተራሮች መጀመር ግድ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። ላሊበላም በዚያው ዓመት ነው የገባው። መንገደኛው ከጎንደር ደባርቅ ይገባል፤ ደባርቅ ላይ ይመዘገባል፣ አስጎብኚና መሣሪያ የያዘ እስካውት ይመደብለታል፣ ባለ በቅሎና ምግብ አብሳይ ይቀጥራል። ከዚያ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ እያለ በገደሉ አፋፍ ይጓዛል። ጉልበት የተረፈው 4,430 ሜትር ከፍታ ያለውን ብዋሂትን ተሻግሮ ራስ ደጀን ይወጣል። ራስ ደጀን በትምህርት ቤት 4,620 ሜትር ነው ተብለን የተማርነው ተራራ ነው፤ አዳዲሶቹ ልኬቶች ግን ወደ 4,550 ሜትር አውርደውታል። ለእኔ ከራስ ደጀን ጫፍ ይልቅ እሜት ጎጎ ይበልጥብኛል። ጫፉ ድንጋይ ነው፤ እሜት ጎጎ ላይ ግን ሦስቱም ወገን ገደል ሆኖ ቆላው ከእግር ሥር ይዘረጋል።

አራዊቱን ለማየት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ጭላዳ ሌሊቱን በገደል ላይ አድሮ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ወደ አፋፉ ይወጣል። ከዚያ በመቶ እየተቆጠረ መሬት ላይ ይቀመጥና በሁለት እጁ ሳር እየነጨ፣ ሳይነሳ በቂጡ እየተንፏቀቀ ይግጣል። ከዝንጀሮ ዘር ኑሮውን በሳር ላይ የመሠረተ ሌላ የለም። ሰው አጠገቡ ቢቀመጥ ቀና ብሎ አይቶ ወደ ሳሩ ይመለሳል። ሩዋንዳ ውስጥ አንድ የጎሪላ ቤተሰብ ለአንድ ሰዓት ለማየት ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 1,500 ዶላር ይከፈላል። ጭላዳን ለማየት የመግቢያው ክፍያ ይበቃል። ይህን ስል ዋጋ ይጨመር ለማለት አይደለም፤ ሩዋንዳ ከፓርክ ገቢዋ 10 በመቶውን ለአካባቢው ሕዝብ እንደምትመልስ ለማስታወስ ነው።

ዋልያ ግን እንደ ጭላዳ አይገኝም። ጨነቅ ላይ በማለዳ ተነስቶ፣ ድምፅ አጥፍቶ ገደሉን በዓይን መፈተሽ ይጠይቃል። በዓለም ላይ ያለው እዚህ ብቻ ነው። የወንዱ ቀንድ ከአንድ ሜትር ያልፋል። በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ቁጥሩ 150 ገደማ ብቻ እንደነበር ይገመታል፤ በኋላ በእጥፍ ድርብ አድጎ ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ቆጠራው ቁልቁል እየሄደ ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ይባላል፣ ቢራውም ዋልያ ነው፤ በማልያውና በጠርሙሱ ላይ ያለው ዋልያ በገደሉ ላይ ካለው እጅግ ይበልጣል።

ባሌን በአንድ አንቀጽ ማለፍ ድፍረት ነው፤ ግን ላልፈው ነው። የባሌ ተራሮች መስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ሪያድ ላይ በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። በእነዚህ ተራሮች ላይ የሚኖሩት ቀይ ቀበሮዎች በዓለም ካሉት ከግማሽ በላይ ናቸው፤ ጠቅላላው አዋቂ ቀበሮ ደግሞ ከ500 አይበልጥም። የደጋ አጋዘኑም፣ የሐረና ደንም እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ተመራማሪዎች ቀበሮዎቹ የቀይና ብርቱካንማ አበባ ማር ሲልሱ አገኘን ብለው ጽፈዋል፤ ሥጋ በል አውሬ የንብ ሥራ ሲሠራ ማለት ነው። ግን ባሌ ውስጥ ሰፍሮ የሚኖር ሰውና የሚግጥ ከብት አለ፤ የዓለም ቅርስነቱ ወረቀት ሲመጣ የሰፈራው ጥያቄም አብሮ መጥቷል። ሰሜን ተራሮች ትናንት ያለፉበትን ባሌ ነገ ይገባበታል።

አዲስ አበባ ደግሞ ሀይኪንግ ፋሽን ሆኗል። ቅዳሜና እሁድ በአውቶቡስ ተጭኖ ወደ ወንጪ፣ ወደ ዝቋላ፣ ወደ የረር፣ ወደ መናገሻ ሱባ የሚሄደው ወጣት ብዙ ነው። ደስ ይላል። ፎቶው ከጉዞው መብለጡ ግን አልቀረም።

የኔን ልብ የሚይዘው መንዝ ነው። ጓሳ የሚባለውን አምባ የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በአቅኚ አባት ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ሳሩ ለሦስት ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ በቂ ሲሆን በውሳኔ ይከፈታል፤ አጫጁና ከብት አሰማሪው በየተራው ይገባል። ሳሩ ለጎጆ ክዳንም ለገመድም ይሆናል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፍርሶት ነበር። ሆኖም የአካባቢው ሰው አምባውን አልተወውም፤ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ሆኖ እንግዳ ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት እዚያ ያየው ነገር ለብቻው ጓሳ ያስኬዳል። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሐል ቀስ ብሎ እየተራመደ አይጥና ፍልፈል ሲያድን፣ ከሦስት ሙከራ በሁለቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን ከአራት በአንዱ ብቻ። ጭላዳዎቹም ቀበሮው ልጆቻቸውን እስካልነካ ድረስ አይሸሹም።

ጓሳን ሳስብ ሁልጊዜ በሰሜን ተራሮች የነበረው የግጭ መንደር ትዝ ይለኛል። የዚያን መንደር ጉዳይ ያላወቀ አንባቢ ስለ ሰሜን ተራሮች የሚያነበው ሁሉ ጎደሎ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ክላይቭ ኒኮል ከሚባል ዌልሳዊ ነው። ጃፓን ውስጥ ካራቴ የተማረው ይህ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1967 የሰሜን ተራሮች የመጀመሪያ የፓርክ ኃላፊ ሆኖ መጣ። ሁለት ዓመት ሠርቶ፣ ከአዳኙም ከደን ጨፍጫፊውም ከቢሮውም ጋር ተጣልቶ ሄደ። በ1971 ያሳተመው መጽሐፍ ርዕስ «ከአፍሪካ ጣሪያ» ማለት ነው። ድፍረቱና ፍቅሩ እውነተኛ ነው፤ ወድጄዋለሁ። ግን ለአውሬው ያለው ፍቅር ገብስ ለሚዘራው ገበሬ አይተርፍም። በኋላ የጃፓን ዜግነት ወስዶ፣ ናጋኖ ውስጥ የተጎዳ ደን ሲያለማ ኖሮ በ2020 እ.ኤ.አ. አረፈ።

ከእሱ በኋላ የመጣው ሁሉ በዚያው መንገድ ሄደ። በደርግ ዘመን በፓርኩ ሰሜናዊ ቆላ ያሉ መንደሮች በግዴታ ተነሱ። መንግሥት ሲለወጥ ብዙዎቹ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1996 ዩኔስኮ ፓርኩን አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ጨመረው፤ ምክንያቱ የዋልያው መመናመን፣ የእርሻው መስፋፋትና በፓርኩ መሐል የሚያልፈው መንገድ ነበር። ከመዝገቡ ለመውጣት ሃያ ዓመት ያህል ተደከመ። ከ136 ካሬ ኪሎ ሜትር የተነሳው ፓርክ ወደ 412 ሰፋ፤ መኪናውም በሌላ በኩል እንዲያልፍ መንገድ ተሠራ። በመጨረሻ በ2016 እ.ኤ.አ. የግጭ ነዋሪዎች፣ ከ400 በላይ አባወራዎች፣ ካሳና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ወረዱ። በዓመቱ ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ፤ ጋዜጦቻችንም ድል ብለው ጻፉ።

ግጭ ትልቅ የሙስሊም መንደር ነበር። ጎጆ ገብቶ ቡና መጠጣት የመንገደኛው አንድ ፕሮግራም ነበር፤ ባለ በቅሎው፣ እንጨት አቅራቢው ከዚያው ነበር። ከተነሱት ጋር የተነጋገሩ ተመራማሪዎች የጻፉት ተመሳሳይ ነው፤ ማረሻ የለመደ እጅ ከተማ ውስጥ ሥራ አጣ፣ ካሳውም አለቀ። ፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር ጊዮም ብላን በ2020 እ.ኤ.አ. ስለ «አረንጓዴ ቅኝ አገዛዝ» መጽሐፍ ጽፎ ክርክሩን አጋጋለው። በ2011 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የፈረንሳይን ሴቬን ተራሮች ዓለም ቅርስ ያደረገው እረኞቹ ከመሬቱ ጋር ባላቸው ኑሮ ነው፤ ታዲያ የግጭ እረኛ ለምን ጥፋተኛ ይሆናል? የብላን ክስ ይህ ነው።

ክሱ ሙሉ በሙሉ አያሳምነኝም። በሰሜን ተራሮች የሠራው ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ የአፈር መሸርሸሩን ሲለካ ያገኘው ከባድ ነው፤ በዚያ ተዳፋት ላይ ገብስ መዝራት አፈሩን በየክረምቱ ማጣት ነው። ችግሩን ከውጭ የመጣ ሰው የፈጠረው ወሬ አድርጎ ማለፍ አይቻልም። መፍትሔው ግን ሌላ ነገር ነው። ሰው ከተነሳ በኋላም ዋልያ አልበዛም፤ ሰውን ማንሳት ብቻውን ዋልያን እንደማያተርፍ ታይቷል። መንዝ ሰው ሳይነሳ ቀበሮውን አቆየ፤ ከግጭ ሰው ተነስቶ ዋልያው እየቀነሰ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ፓርኩ ሲቃጠል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ፤ ቅጠልና ቅርንጫፍ ይዞ ገደል ለገደል እሳቱን የተጋፈጠው ግን የአካባቢው ገበሬና ወጣት ነው።

አሁን ደግሞ ሁሉም ነገር ቆሟል ማለት ይቻላል። ከ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት እንግዳውን አባረረው። አስጎብኚው፣ ባለ በቅሎው፣ ምግብ አብሳዩ ገቢያቸው ደረቀ። ቱሪዝም ብቻውን የአንድን ወረዳ ኑሮ መሸከም እንደማይችል ደባርቅ አይታለች።

ወደ ምዕራቡ እንመለስ። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዋልያም ጭላዳም የለውም፤ እዚያ ያለው ሌላ ዓለም ነው። ቆላው ከሱዳን የሚቀጥለው የሳቫና ምድር ነው፤ ወፎቹም ከምዕራብ አፍሪካ ጀምሮ በሚዘረጋው ሰንሰለት ውስጥ ያሉ ናቸው፤ ደጋውን ብቻ የሚያውቅ ወፍ ተመልካች እዚህ ሌላ መጽሐፍ ያስፈልገዋል። የቆላው ቀርከሃ ጫካ በሀገሪቱ ካለው ሰፊው ነው። ከክልሉ በስተሰሜን ባለው በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ በ2016 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የአንበሳ መንጋ መኖሩ በካሜራ ተረጋገጠ፤ የአካባቢው ሰው አስቀድሞ የሚያውቀውን ሳይንስ ዘግይቶ መዘገበው። በላያ ደግሞ በዚህ ሁሉ መሐል ብቻውን ቀዝቀዝ ያለ አናት ነው።

ይህን ሁሉ ያለው ክልል በቅርብ ዓመታት በመተከል የደረሰውን እልቂት አይቷል፤ እዚያ ማንም ሰው ከመኖሪያው መነሳት ምን እንደሆነ ለማስረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። ጉሙዙ በበላያ ዙሪያ ማር ይቆርጣል፣ ያድናል፣ በየተራው እያፈራረቀ ያርሳል። የጉዞ መስመር የሚያሠምር ባለሙያ ይህን እንደ ችግር ጽፎ ከጀመረ፣ ነገሩ የት እንደሚያልቅ ከወዲሁ ይታወቃል።

ስለዚህ አሶሳ ያሉ የክልሉ የባህልና ቱሪዝም ኃላፊዎችን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በላያ ላይ ካምፕ ለመትከል ስታስቡ የመጀመሪያውን የልምድ ልውውጥ ጉዞ ደባርቅ አታድርጉት፤ የመንዝ ሽማግሌዎችን አነጋግሩ። ከዚያ በመተከል ያሉትን የዳንጉርንና የጉባን ሽማግሌዎች ይዛችሁ አብራችሁ ውጡ።