ዕቃ ሲቀየር እርሳሱም ይመዘን

በስደት ያደጉ ልጆቻችን እኛ በዕድሜያችን ያላሰብነውን መዝናኛ እየለመዱ መጥተዋል። አየር የተሞላ ሲሊንደር በጀርባ ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ አንዱ ነው። በአውሮፓ ቀዝቃዛ ሐይቅ ሠልጥኖ የምስክር ወረቀት የያዘ ወጣት ለዕረፍት ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ወደ ሁርጋዳ ወይም ወደ ሻርም ኤል ሼክ ይወርዳል እንበል። ዕቃውን የሚከራየው እዚያው ነው። አከራዩ «ስንት ኪሎ እርሳስ ትታጠቃለህ?» ሲለው፣ ሐይቁ ውስጥ የለመደውን ቁጥር ሳያመነታ ይነግረዋል። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ያ ቁጥር የዚያ ዕቃና የዚያ ውሃ እንጂ የሰውየው አይደለምና።

ነገሩን የፈታው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የኖረው አርኪሜደስ ነው። ውሃ የገባበትን አካል ሁሉ፣ ያ አካል ገፍቶ ባስለቀቀው ውሃ ክብደት መጠን ወደ ላይ ይገፋዋል። የጠላቂ የጎማ ልብስ በጥቃቅን የአየር አረፋዎች የተሞላ ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ እርሳስ በወገብ የሚታጠቁትም ይህንኑ ለማመጣጠን ነው።

እንግዲህ የእኛ ወጣት በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ቀይሯል። አንደኛ፣ ውሃውን። 1 ሊትር የሐይቅ ውሃ 1 ኪሎ ሲመዝን፣ 1 ሊትር የውቅያኖስ ውሃ 1.025 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ትነት የበዛበትና ቋሚ ወንዝ የማይገባበት ቀይ ባሕር ደግሞ ጨዉ ከዚያም ይበልጣል። ከነዕቃው 100 ሊትር ቦታ የሚይዝ ሰው ለውሃው ብቻ 2.5 ኪሎ ያህል መጨመር አለበት።

ሁለተኛ፣ ሲሊንደሩን። ብዙዎቹ የብረት ሲሊንደሮች ባዶ ሲሆኑም ይሰጥማሉ። በሞቃት ባሕር ዳርቻ በብዛት የሚከራየው የ11 ሊትር አሉሚኒየም ግን አየሩ ሲያልቅ ወደ 2 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ወደ ላይ ይጎትታል። «አየር ምን ክብደት አለው?» የሚል ይኖራል። በ200 ባር የተሞላ የ11 ሊትር ሲሊንደር 2,200 ሊትር ያህል አየር ይይዛል፤ ይህም ከ2.5 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ጠላቂው ሲተነፍስ ያ ሁሉ ክብደት ከጀርባው ላይ ቀስ በቀስ ይጠፋል።

ሦስተኛ፣ ልብሱን። ከ7 ሚሊ ሜትር ወደ 3 ሚሊ ሜትር የወረደ ሰው ብዙ ኪሎ መቀነስ ይኖርበታል። አዲስ ልብስ ደግሞ ተጨማምቆ ካረጀ ልብስ የበለጠ ይንሳፈፋል።

እንግዲህ አንዱ «ጨምር» ሲል ሌላው «ቀንስ» ይላል። ከአሜሪካ ለሚመጡ ወገኖች ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። እዚያ እርሳስ የሚቆጠረው በፓውንድ ነው። 12 ፓውንድ ከ5.5 ኪሎ አይበልጥም፤ «12» ብሎ የጠየቀ ሰው ከእጥፍ በላይ ታጥቆ ይወርዳል።

ቢበዛስ ምን አለበት? ብዙ እርሳስ የታጠቀ ሰው ላለመስጠም ሰደሪያው ውስጥ ብዙ አየር ይነፋል። በ10 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ በውሃው ገጽ ካለው እጥፍ ነው፤ እዚያ የነበረው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ይለጠጣል። ሰውየው ሲወርድ ድንጋይ፣ ሲወጣ ፊኛ ይሆናል። ወደ ላይ ሲወረወር ትንፋሹን ከያዘ ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። ያነሰው ደግሞ በመጨረሻ በ5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ መቆየት ሲገባው ሲሊንደሩ ቀሎ ያወጣዋል። የአደጋ ምርመራዎች ደጋግመው የሚያሳዩት ሌላም ነገር አለ። ከሞቱት ጠላቂዎች ብዙዎቹ የተገኙት የእርሳስ ቀበቷቸውን ሳይፈቱ ነው።

ስለዚህ በግምት ሳይሆን በውሃ ውስጥ መመዘን ነው። በአዲስ ዕቃ የመጀመሪያው ጠለቃ ጥልቀት በሌለው ቦታ፣ ከባልደረባ ጋር ይሁን። በመጨረሻ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ 50 ባር ያህል ሲቀር፣ መተንፈሻውን ከአፍ ሳያወጡ በውሃው ገጽ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም፤ ሰደሪያውን ባዶ ማድረግ፤ እግርን አለማንቀሳቀስ። በተለመደው መጠን አየር ስበው ለአፍታ ሲይዙ ውሃው ከዓይን ትይዩ ላይ መዋል አለበት። ሲያስወጡት በዝግታ መስጠም ነው። እንደ ድንጋይ ከወረዱ እርሳሱ በዝቷል፤ አልሰጥም ካሉ አንሷል። ማስተካከሉም በአንድ አንድ ኪሎ ይሁን። ፈተናው በሙሉ ሲሊንደር ከተደረገ ለሚያልቀው አየር 2 ኪሎ ያህል ይጨመርበታል።

ኪሎው ልክ ከሆነ በኋላ የሚቀረው አቀማመጡ ነው። የአገራችን ነጋዴ ይህን ያውቀዋል፤ ጭነት ወደ ኋላ ያዘነበለባት በቅሎ ክብደቱ ልክ ቢሆንም ዳገት አትወጣም። ጠላቂም ሳንባው ደረቱ ላይ ሆኖ ወደ ላይ ሲያነሳው፣ እርሳሱ ወገቡ ላይ ሆኖ ወደ ታች ይጎትተዋል፤ እግሩ ይንጠለጠላል። በእግሩ ደለል ያስነሳል፣ ኮራል ይሰብራል፣ ሰያፍ ሆኖ ሲቀዝፍም አየሩን በከንቱ ይጨርሳል። መፍትሔው በ5 ሜትር ላይ በአግድም ተንሳፎ ሳይንቀሳቀሱ መቆየትና የትኛው ወገን እንደሚሰጥም ማየት ነው። እግር ከወረደ ሲሊንደሩን ወደ ራስ ጥቂት ከፍ ማድረግ፣ ወይም 1 ወይም 2 ኪሎ ከወገብ አንሥቶ የሲሊንደሩ ማሰሪያ ላይ ማዛወር ነው። ጭንቅላት ከወረደ ተቃራኒው ይደረጋል። ነገር ግን ሁሉም እርሳስ ከጀርባ አይሂድ፤ በቂው ክፍል በአንድ እጅ ተፈትቶ የሚጣል መሆን አለበት።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶች። ጀልባዋ ልትነሳ ስትል የሚታጠቅ እርሳስም እንዲሁ ነው። ልጅዎ ለዕረፍት ሻንጣውን ሲያዘጋጅ ካዩ ማስታወሻ ደብተሩን አብሮ እንዲይዝ ይንገሩት። በየጠለቃው የልብሱን ውፍረት፣ የሲሊንደሩን ዓይነት፣ የውሃውን ዓይነትና የታጠቀውን ኪሎ ይጻፍ። ከእነዚህ አንዱ በተቀየረ ጊዜ ደግሞ ከመጥለቁ በፊት እንደገና ይመዘን።