መብረቅና የአቶም ሙል

ቴፒ ዝናም የሚበዛባት የቡና አገር ናት። በዚያ ሰማይ ላይ የሚብለጨለጨው መብረቅ መነሻው በዓይን ከማይታየው አቶም ውስጥ ነው።

ማንኛውም ቁስ፥ የቡናው ቅጠልም ሆነ የዝናሙ ጠብታ፥ ከአቶሞች የተሠራ ነው። በአቶም እምብርት አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ፕሮቶኖችና ሙል የሌላቸው ኒውትሮኖች ይገኛሉ፤ በዙሪያቸው አሉታዊ ሙል ያላቸው ኤሌክትሮኖች አሉ። ለምሳሌ የኦክሲጅን አቶም 8 ፕሮቶኖችና 8 ኤሌክትሮኖች አሉት፤ ሁለቱ ሙሎች እኩል ስለሆኑ አቶሙ ገለልተኛ ነው።

በደመና ውስጥ ግን የበረዶ ቅንጣቶች ሲጋጩ ይህ ሚዛን ይናጋል። ቀላሎቹ ቅንጣቶች አዎንታዊ ሙል ይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከባዶቹ አሉታዊውን ይዘው ከታች ይቀራሉ። ልዩነቱ እጅግ ሲበዛ፥ ኤሌክትሮኖች አየሩን ሰንጥቀው ይፈስሳሉ። መብረቅ ማለት ይህ ነው።

መብረቅ የሚያዘወትረው ከፍ ያለውን ነገር ነው፤ ዛፍን ሲመታ ኃይሉ ከሥሩ ወደ ተጠለለው ሰው ይተላለፋል። ስለዚህ በቡና ማሳ ያለ ሰው ነጎድጓድ ሲሰማ ከዋንዛው ጥላ ርቆ በሚገባ ወደ ተሠራ ቤት መግባት ይገባዋል። ከዝናም የሚያስጥል ዛፍ ከመብረቅ አያስጥልም።