ጨዋታ ወይስ ትምህርት? ልጆች በዲጂታል ሥነ ጥበብ ክፍል ውስጥ የሚማሩት ምንድን ነው?

በዋሽንግተን ዲሲ አቅራቢያ በሚገኘው የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ በተለይም ብዙ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልጆቻቸው አምስተኛ ክፍል የደረሱ ወላጆች ከባድ ምርጫ ይጠብቃቸዋል። ልጁ ስድስተኛ ክፍልን በሰፈሩ ትምህርት ቤት ይጀምር ወይስ ለአንድ የትምህርት መስክ ልዩ ትኩረት ወደሚሰጥ ትምህርት ቤት ያመልክት?

እ.አ.አ. በ2005 በዚህ ካውንቲ ሦስት መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተጣምረው ልዩ መርሃ ግብር ጀመሩ። በአርጋይል ኮምፒውተርና ዲጂታል ንድፍ፣ በሎይደርማን ሙዚቃን፣ ቴያትርንና ሥዕልን የሚያካትተው ኪነ ጥበብ፣ በፓርክላንድ ደግሞ የበረራና የኅዋ ቴክኖሎጂ የትምህርቱ ማዕከል ሆኑ። የመግቢያ ፈተና አልነበረም። ቦታ የሚደለደለው በዕጣ በመሆኑ፣ የልጁ ዕድል በውጤቱ ሳይሆን ወላጆቹ ቅጹን በጊዜ ሞልተው በመመለሳቸው ላይ የተመሠረተ ነበር። በሌሎች ከተሞችም ተመሳሳይ ምርጫ የሚያቀርቡ ትምህርት ቤቶች አሉ።

ቅጹን ሳይሞሉ የሚቀሩ ወላጆች ሁሉ ግድ የሌላቸው ሆነው አይደለም። «ዲጂታል ሥነ ጥበብ» የሚለው ስያሜ ብዙዎቹን ያጠራጥራል። ልጁ ቤት ውስጥ ከስልኩና ከጨዋታው አልላቀቅ ብሎ እያስቸገረ፣ ትምህርት ቤትም ሄዶ ኮምፒውተር ላይ ሥዕል ሲሥል ይዋል ማለት ሒሳቡንና ንባቡን መተው ይመስላል። ጥርጣሬው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። መልሱም ያለው በስያሜው ውስጥ ሳይሆን፣ ክፍሉ ውስጥ በተግባር በሚሠራው ሥራ ውስጥ ነው።

በብዙ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያው መሣሪያ ስክራች የተባለው ፕሮግራም ነው። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሚዲያ ላብ ባልደረባ ሚቸል ሬዝኒክና ቡድናቸው በ2007 ለሕዝብ ያበቁት ሲሆን፣ በዋናነት የታሰበው ከ8 እስከ 16 ዓመት ለሆናቸው ልጆች ነው። ተማሪው ትእዛዝ በጽሑፍ ከመጻፍ ይልቅ፣ ባለ ቀለም ቁርጥራጮችን እየገጣጠመ በገጹ ላይ ያለውን ምስል ያንቀሳቅሳል። ሐሳቡ ግን ከዚያ የቆየ ነው። ሲሞር ፓፐርትና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ1967 ሎጎ የተባለውን ቋንቋ ከፈጠሩ በኋላ፣ ልጆች «ኤሊ» የሚል ስም የተሰጠውን ጠቋሚ ወደፊት እየነዱና እያዞሩ ቅርጽ እንዲሥሉ አድርገው ነበር።

እዚህ ላይ ሒሳቡ ይመጣል። የስክራች ገጽ በአግድም ከ240 ሲቀነስ እስከ 240፣ በቁም ከ180 ሲቀነስ እስከ 180 ይዘልቃል፤ መሐሉ ዜሮ ነው። አንድን ምስል ወደ ግራና ወደ ታች ማድረስ የፈለገ ልጅ ከዜሮ በታች የሆኑ ቁጥሮችን መጠቀም ግድ ይለዋል። የሜሪላንድ የሒሳብ ሥርዓተ ትምህርትም ከዜሮ በታች የሆኑ ቁጥሮችን የሚያስተዋውቀው በዚያው በስድስተኛ ክፍል ነው። በደብተር ላይ ረቂቅ የነበረው ነገር፣ ኮምፒውተሩ ላይ ዝንጀሮውን ከዛፉ ሥር የሚያስቀምጥ አድራሻ ይሆናል።

ማዕዘንም እንዲሁ ነው። አራት ማዕዘን ለመሥራት ጠቋሚው አራት ጊዜ በ90 ዲግሪ ይዞራል፤ አምስት ማዕዘን ለመሥራት አምስት ጊዜ በ72። ልጁ ጥቂት ከሞከረና ከተሳሳተ በኋላ፣ 360ን ለጎኖቹ ብዛት ማካፈል እንዳለበት ራሱ ይደርስበታል። ከዚያ አንዱን ቅርጽ በ10 ዲግሪ እያዞረ 36 ጊዜ ሲደጋግመው፣ የሚወጣው ክብ ጌጥ የመሶብ ስፌትን ያስታውሳል። ሰፊዋም ብትሆን እጇ እያወቀው የምትሠራው ይህንኑ ነው፤ ክቡን እኩል ትከፍላለች፣ ቀለሙን በየተራው ትመልሳለች።

ቀለም ራሱ በኮምፒውተር ውስጥ ቁጥር ነው። በገጹ ላይ ያለች እያንዳንዷ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ብርሃን መጠን አላት፤ ሦስቱም ከ0 እስከ 255 ይለካሉ። 256 በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ 16,777,216 ይሆናል፤ ለሠዓሊው የቀረቡለት ቀለሞች ቁጥር ይህ ነው። ሦስቱም ዜሮ ከሆኑ ጥቁር፣ ሦስቱም 255 ከሆኑ ነጭ ይወጣል። ከቀለም ብሩሽ ጋር ያደገ ሰው ይህን ሲያይ ግር ይለዋል፤ ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ሲቀላቀሉ የሚሰጡት ቡናማ ሳይሆን ቢጫ ነውና።

ተንቀሳቃሽ ሥዕል ትዕግሥትን ይጠይቃል። በተለምዶ የፊልም አንድ ሰከንድ 24 ምስሎች አሉት። በእጅ የሚሥሉ ባለሙያዎች አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ እያሳዩ በሰከንድ 12 ሥዕል ይበቃቸዋል፤ ይህም ሆኖ የአሥር ሰከንድ ታሪክ 120 ሥዕል ይፈልጋል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይህን ከመጀመሩ በፊት ታሪኩን በወረቀት ላይ ከፋፍሎ ማቀድ አለበት። መምህራን በዚህ ክፍል ኮምፒውተሩን ዘግተው እርሳስ የሚያስይዙትም ስለዚህ ነው።

ፊደልም የዚሁ ትምህርት አካል ነው። በነጥቦች የተሠራ ጽሑፍ ለትልቅ ማስታወቂያ ሲጎላ ጠርዙ ይሻክራል፤ በመስመርና በጥምዝ ቀመር የተነደፈ ፊደል ግን የቱንም ያህል ቢጎላ ጥራቱን አይለቅም። የግእዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ የተካተተው በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። ከዚያ በፊት ልዩ ልዩ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የየራሳቸውን መለያ ይጠቀሙ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ሊሆን ይችል ነበር። ዛሬ በቨርጂኒያ ያለ ተማሪ የአያቱን ስም በግእዝ ፊደል ነድፎ ለክፍሉ ማቅረብ ይችላል።

እርግጥ ነው፣ መሣሪያ መግዛት ብቻውን ትምህርት አይሆንም። የአሜሪካዋ ሜይን ግዛት በአገረ ገዥ አንገስ ኪንግ ዘመን፣ በ2002 በሕዝብ ትምህርት ቤቶቿ ላሉ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ሁሉ ላፕቶፕ ማደል ጀመረች። በደቡባዊ ሜይን ዩኒቨርሲቲ በ2007 የወጣ ጥናት፣ በስምንተኛ ክፍል የጽሕፈት ፈተና የሚጠበቀውን ደረጃ ያሟሉ ተማሪዎች በ2000 ከነበረበት 29 በመቶ ገደማ በ2005 ወደ 41 በመቶ ማደጉን አሳየ። ልጆቹ የጻፉትን መልሰው ማረም ቀሏቸው ነበር። በሌላ በኩል የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ2015 ባወጣው ዘገባ፣ ለትምህርት ቤት ቴክኖሎጂ ብዙ ያወጡ አገሮች በንባብ፣ በሒሳብና በሳይንስ ጉልህ መሻሻል እንዳላሳዩ ገልጿል። ሁለቱ አይቃረኑም። ልጁ በመሣሪያው የሚሠራበትና መሣሪያውን የሚመለከትበት ሰዓት አንድ አይደሉም።

በኢትዮጵያም የሚጠቀስ ሙከራ አለ። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በ2012 በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ማንበብ ለማያውቁ ሕፃናት ያለ አስተማሪ ታብሌቶችን አድሎ ነበር። እንደ ድርጅቱ ገለጻ የታብሌቶቹ ካሜራ እንዳይሠራ ተዘግቶ ሳለ ልጆቹ የሚከፍቱበትን መንገድ አገኙ። ቁምነገር ተብሎ ከተጫነላቸው ሁሉ ይልቅ የተዘጋውን ካሜራ መፈለጋቸው ለሥነ ጥበብ መምህር ብዙ ይነግረዋል።

ወላጆች ሊጠነቀቁበት የሚገባው ሌላው ጉዳይ የልጁ መረጃ ነው። በ1998 የወጣው የአሜሪካ የሕፃናት የኢንተርኔት ግላዊነት ሕግ፣ ኩባንያዎች ዕድሜያቸው ከ13 ዓመት በታች ከሆኑ ልጆች የግል መረጃ ከመሰብሰባቸው በፊት የወላጅን ፈቃድ እንዲያገኙ ያስገድዳል። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ በዚህ ጥበቃ ሥር ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ አልፎታል። በዓመቱ መጀመሪያ ከትምህርት ቤት የሚላከውን የፈቃድ ወረቀት ሳያነቡ መፈረም የልጁ ሥራ፣ ስምና ፎቶግራፍ የት እንደሚወጣ ሳያውቁ መስማማት ሊሆን ይችላል። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች በአማርኛም መረጃ ይሰጣሉ፤ ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ መጠየቅም ነውር የለበትም።

በስብሰባው ላይ «ልጄ ኮምፒውተር ይጠቀማል?» የሚለው ጥያቄ ብዙ አያስገኝም፤ መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነው። «በዚህ ወር ምን ሠራ? ሊያሳየኝ ይችላል?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል።

ቤት ውስጥ አብሮ መሞከር ለሚፈልግ፣ ስክራች ያለ ክፍያ የሚገኝ ሲሆን ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ ይህም ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ የአክስት ወይም የአጎት ልጅ ጭምር ይመቻል። ፕሮግራሙ የቋንቋዎች ዝርዝር አለው፤ አማርኛም በዝርዝሩ ውስጥ ይገኛል።