ወተት የመርዝ ማርከሻ አይደለም

በናይሮቢ ገበያዎችና መንገዶች የአይጥ መርዝ እንደ ከረሜላ በእጅ እየተያዘ ይሸጣል። አንዳንዱ ስሙም ሆነ ምንነቱ ያልተጻፈበት፣ በወረቀት የተጠቀለለ ዱቄት ነው። ገዢው «ይገድላል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ ማንን እንደሚገድል አይጠይቅም። የጦር ሠፈር መጋዘንና ወጥ ቤትም አይጥ አጥቶ እንደማያውቅ የታወቀ ስለሆነ፣ ጉዳዩ የእኛም ጉዳይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያች ከተማ ሳለሁ፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በኢስሊ ሠፈር፣ የጎረቤቴ የእትዬ ውሻ ከከሰል ምድጃው ኋላ የተደረገውን መርዝ በላ። እትዬ ወዲያው ወተት አጠጡት። በማግሥቱ እንደ ወትሮው ሲሮጥ አይተው፣ «ተመስገን፣ ወተቱ አዳነልኝ» አሉኝ። በአራተኛው ቀን ግን ድዱ ነጣ፤ ከአፍንጫውም ደም ይወርድ ጀመር። ልጆቻቸው አጠገቡ ተቀምጠው ያለቅሱ ነበር።

ዋርፋሪንም ሆነ ከእርሱ በኋላ የመጡት እንደ ብሮዲፋኩም ያሉ መርዞች የሚገድሉት፣ ጉበት በቫይታሚን ኬ አማካይነት የሚሠራቸውን ደም የሚያረጉ ንጥረ ነገሮች በማገድ ነው። አስቀድመው በደም ውስጥ የነበሩት እስኪያልቁ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ያህል ያልፋል። ስለሆነም የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጤንነት አታላይ ነው፤ ወተቱ የፈየደው አንዳች ነገር የለም።

ዚንክ ፎስፋይድ የተባለው ጥቁር ግራጫ ዱቄት ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛም ጋዝ ይሆናል፤ ማርከሻም የለውም። በዚህ ጊዜ ምግብ መስጠት አሲዱን ስለሚጨምር ጉዳቱን ያባብሳል። እንስሳው ሲያስመልሰው ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ የሚመስል ሽታ ከተሰማ፣ ልጆችን ማራቅና መስኮት መክፈት ያስፈልጋል፤ ጋዙ ሰውንም ይጎዳልና።

የእንስሳት ሐኪሙ በመጀመሪያ የጠየቀን የመርዙን መጠቅለያ ነበር። ከቆሻሻ ውስጥ ፈልገን ብናገኘው አንድም ፊደል አልነበረበትም። ሐኪሙ ከደሙ ሁኔታ ገምቶ ቫይታሚን ኬ አንድ ጀመረለት። «በበላበት ሰዓት አምጥታችሁት ቢሆን አስመልሼው ነበር» አለ፤ በቤት ውስጥ ጨው በጥብጦ ማጠጣትን ግን አጥብቆ ከለከለ።

ሕክምናው አራት ሳምንት ወሰደ። ቫይታሚኑ ከቅባት ጋር ይበልጥ ስለሚዋሐድ፣ እትዬ በየቀኑ ክኒኑን በሰባ ሥጋ እየጠቀለሉ ያጎርሱት ነበር፤ ውሻውም ሰዓቱን ለምዶ በር ላይ ይጠብቃቸው ጀመር።