«ወለምታ ነው» ተብሎ የሚታለፈው ስብራት

ስለ ግንባታ ሥራ አደጋ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ከፎቅ ስለ መውደቅ ነው። ይሁን እንጂ በቆመበት ወለል ላይ ተንሸራቶ ወይም ተደናቅፎ የሚወድቀውም ሠራተኛ የዕለት እንጀራውን የሚያሳጣ ጉዳት ሊደርስበት ይችላል።

ለመሆኑ አወዳደቁ እንዴት ነው? ጭቃ ወይም የፈሰሰ ዘይት ሲረገጥ እግር ወደ ፊት ያመልጣል፤ ሰውነት ወደ ኋላ ይቀራል። የተጋደመ ፌሮ ወይም የኤሌክትሪክ ገመድ ደግሞ እግርን ሲይዝ ሰውነት ወደ ፊት ይደፋል። በሁለቱም ጊዜ ወዳቂው ሳያስበው እጁን ዘርግቶ መሬቱን ይመክታል። ክብደቱም በመዳፉ በኩል በአንጓው ላይ ያርፋል።

ከአንጓው 8 ትናንሽ አጥንቶች መካከል ከሁሉ ይበልጥ የሚሰበረው በአውራ ጣት በኩል ያለው ስካፎይድ የተባለው ነው። ክፋቱ መደበቁ ነው። እጁ አይጣመምም፤ እብጠቱ ትንሽ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን የተነሣ ራጅም ስብራቱን ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ «ወለምታ ነው» ይባልና ሠራተኛው በማግሥቱ ባሬላ ይሸከማል። ወደዚህ አጥንት ደም በአብዛኛው የሚገባው በጣቶች በኩል ካለው ጫፍ ስለሆነ፣ ሲሰበር በክንድ በኩል ያለው ክፍል ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። ስብራቱ ሳይገጥም ከቀረ ውሎ አድሮ አንጓው ይታመማል፤ የመጨበጥ ኃይሉም ይደክማል።

አውራ ጣት ወደ ላይ ሲወጠር ከሥሩ በጅማቶች መካከል ጎድጓዳ ቦታ ይታያል። ከወደቀ በኋላ እዚያ ሲጫኑት የሚያመው ሰው፣ ራጁ ምንም ባያሳይ እንኳ ስብራት እንዳለበት ተቆጥሮ እጁ በጄሶ ወይም በድጋፍ ሊታሠር፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜም እንደገና ሊመረመር ይገባዋል። በወጌሻ መታሸት ግን ጉዳቱን ያባብሳል።

መከላከሉስ? «አይተህ ሂድ» ማለት ብቻ አይበቃም። በሁለት እጁ ሸክም የያዘ ሰው እግሩ ሥር ያለውን አያይም። መተላለፊያውን ማጽዳትና በቂ መብራት ማድረግ የአሠሪው ፈንታ ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 167፣ በአንቀጽ 13፣ የሥራ ቦታ መግቢያና መውጫ አስተማማኝ ሆኖ እንዲዘጋጅና እንዲጠበቅ ያጸደቁትን አገሮች ያስገድዳል።

በዕረፍት ጊዜ በግንባታ ላይ የምትሠሩ፣ ወይም በዚሁ ሥራ የሚተዳደር ወገን ያላችሁ ጓዶች፣ ይህን አስረዱት። የወደቀ ሠራተኛ አደጋውን በዚያው ቀን ለአለቃው ያስመዝግብ፤ ለሐኪሙም «በመዳፌ ነው የወደቅኩት» ብሎ ይንገር።