አሮጌ ድምፅ እንዴት ይጠራል? የቢሊ ሆሊዴይ አሥር ዲስኮች

በ2001 ኮሎምቢያ የተባለው የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ «ሌዲ ዴይ» የተሰኘ ስብስብ አወጣ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአንድ ሣጥን ውስጥ 10 ሲዲ፣ በሲዲዎቹ ላይ 230 ቅጂዎች፣ አብሮም ፎቶግራፍና ታሪክ የያዘ መጽሐፍ አለ። ድምፃዊቷ ቢሊ ሆሊዴይ ናት። ቅጂዎቹ ከ1933 እስከ 1944 ያለውን ጊዜ ይሸፍናሉ፤ አብዛኞቹ በዘመኑ ብራንስዊክ፣ ቮካሊየንና ኦኬ በሚባሉ ስሞች ታትመው፣ ኋላ ኮሎምቢያ እጅ የተጠቃለሉ ናቸው። ስብስቡ በታሪካዊ አልበም ዘርፍ የግራሚ ሽልማት ተሸልሟል።

የቀድሞ የጃዝ ድምፃውያንን ሥራ አጥርቶና አሟልቶ በሣጥን ማሳተም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ብዙ ሰው ሙያውን አሮጌ ዘፈንን እንደማስዋብ ያየዋል። እኔ ግን ማስዋብ አልለውም። ጥሩ ባለሙያ በድምፁ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ዘመን፣ ዕቃና አያያዝ የጨመሩትን ይቀንሳል፣ የዘፋኟ የሆነውን ግን አይነካም። ትልቁ ችሎታው መቀነሱን የት ላይ ማቆም እንዳለበት ማወቁ ነው።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ወደ ቀረጻው ክፍል መመለስ ያስፈልጋል። ሆሊዴይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀረጸችው በኅዳር 1933 ኒውዮርክ ውስጥ ነው። ዕድሜዋ 18 ነበር። ቀረጻውን ያዘጋጀው ጆን ሃመንድ፣ ቡድኑን የመራው ክላርኔት ተጫዋቹ ቤኒ ጉድማን ነው። ከ1935 ጀምሮ ደግሞ ከፒያኒስቱ ቴዲ ዊልሰን ጋር ብዙ ዘፈነች፤ በጥር 1937 ሳክስፎን ተጫዋቹ ሌስተር ያንግ ተጨመረ። «ሌዲ ዴይ» የሚለውን ስም ያወጣላት እሱ ነው። እነዚህ ቀረጻዎች ለዘለዓለም ይቀመጣሉ ተብለው የተሠሩ አልነበሩም። በየመጠጥ ቤቱ ሳንቲም እየተከተተባቸው ለሚዘፍኑት ጁክቦክሶች የሚሆን፣ በጥቂት ወጪና በፍጥነት የሚወጣ የዕለት ሙዚቃ ነበሩ።

በዚያን ጊዜ ቴፕ የለም። ድምፁ በማይክሮፎን ገብቶ በሚሽከረከር የሰም ዲስክ ላይ በቀጥታ ይቀረጻል፤ ከተሳሳቱ ከመጀመሪያው መድገም እንጂ ቆርጦ መቀጠል አይቻልም። ሰሙ በብረት ይለበጥና ከእሱ ማተሚያ ቅርጽ ይወጣል፤ በዚያም ቅርጽ በየገጹ ሦስት ደቂቃ ያህል የሚይዘው ሸክላ ይታተማል። የሸክላው ማያያዣ ላክ የምትባለው ነፍሳት በዛፍ ላይ የምታመነጨው ሙጫ ሲሆን፣ የተፈጨ ድንጋይም ይቀላቀልበታል። በአሮጌ ሸክላ ላይ ዘወትር የምንሰማው «ሽሽ» የሚል ድምፅ ዋናው ምንጩ ይህ ሻካራ ዱቄት ነው። ዘፋኟ በቆመችበት ክፍል ውስጥ ይህ ድምፅ አልነበረም።

የማጥራት ሥራ በኮምፒውተር የሚጀመር ይመስላል፤ የሚጀመረው ግን በፍለጋ ነው። ከሁሉ የሚመረጠው የብረቱ ቅጂ ነው፤ ድንጋይ ያልገባበት ስለሆነ በመርፌ ሲጫወት ከሸክላው እጅግ የጠራ ድምፅ ይሰጣል። እሱ ከጠፋ ለሙከራ የታተመ ሸክላ፣ እሱም ከሌለ በሰብሳቢዎች እጅ ያለ ብዙ ያልተጫወተ ሸክላ ይፈለጋል። ቀጥሎ መርፌ ይመረጣል። የአሮጌ ሸክላ መርፌ ጫፍ ለኋለኛው ሎንግ ፕሌይ ከተሠራው በሦስት እጥፍ ያህል ይሰፋል። የሸክላው ቦይ በአንድ ከፍታ ላይ ተበልቶ ከሆነ፣ ጥቂት የሰፋ ወይም የጠበበ መርፌ ያልተበላውን ግድግዳ ስለሚነካ፣ የጠፋ የመሰለው ድምፅ ተመልሶ ይሰማል።

ፍጥነቱም መፈተሽ አለበት። «78 ዙር በደቂቃ» ይባል እንጂ የቀረጻ ማሽኖች ሁሉ በትክክል በዚያ ፍጥነት አይዞሩም ነበር። ፍጥነቱ በ6 በመቶ ያህል ቢጨምር ቃናው በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ዘፋኟም ከዕድሜዋ ያነሰች፣ ምቱም የተቻኮለ ይመስላል። ስለዚህ ባለሙያው በቀረጻው ውስጥ ያለውን ፒያኖ ከትክክለኛው ቃና ጋር እያስተያየ ፍጥነቱን ያስተካክላል።

ኮምፒውተሩ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በ1988 በእንግሊዝ ካምብሪጅ የተቋቋመው ሲዳር የተባለ ኩባንያ የሚሠራቸውን የመሰሉ መሣሪያዎች ጭረት የፈጠረውን ቅጽበታዊ ፍንዳታ ለይተው፣ ክፍተቱን ከግራና ከቀኝ ካለው ድምፅ ተነስተው ይሞሉታል። ይህን በጥንቃቄ ማድረግ ብዙም አያስቸግርም። ከባዱ ፈተና «ሽሽታው» ነው። የሸክላው ሽሽታ፣ የዘፋኟ ትንፋሽ፣ የ«ስ» ድምፅና የከበሮው ጸናጽል የሚገኙት በአንድ አካባቢ ስለሆነ፣ እንክርዳዱን ልንቀል ያለ ሰው ስንዴውንም አብሮ ሊነቅል ይችላል።

ይህ በሆሊዴይ ላይ ሲሆን ጉዳቱ ይበረታል። በ1925 የኤሌክትሪክ ቀረጻ ከመምጣቱ በፊት ድምፃውያን ወደ ትልቅ ጡሩምባ መሰል ቀንድ ጮኸው ይዘፍኑ ነበር። ማይክሮፎን ግን በለሆሳስ መዝፈንን ፈቀደ፤ ሆሊዴይም ጥበቧን የሠራችው በዚህ ነፃነት ላይ ነው። ቃሉን ከምቱ ጥቂት አዘግይታ ታሳርፋለች፤ የአንድን ቃል መጨረሻ በትንፋሽ ትዘጋለች። ሽሽታውን ጨርሶ ለማጥፋት የተጣደፈ እጅ ይህን ትንፋሽ ይወስደዋል፤ የሚቀረው ዜማው ብቻ ነው። ጥቂት ሽሽታ የቀረበት ቅጂ ከደነዘዘ ጸጥታ የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሣጥኑ ሌላው ዋጋ ሙላቱ ነው። በዕለቱ ሳይመረጡ የቀሩት ቅጂዎች በመጨረሻዎቹ ዲስኮች ተሰብስበዋል። አንዱን ዘፈን በሁለት ቅጂ ስናዳምጥ ሆሊዴይ የሸመደደችውን እንደማትደግም፣ በየጊዜው አዲስ ውሳኔ እንደምትወስን በጆሯችን እናረጋግጣለን። በ1937 ከካውንት ቤሲ ቡድን ጋር በሬዲዮ የተላለፉ ሦስት ዘፈኖችም አሉ። ቤሲ ከዴካ ጋር፣ እሷ ከሌላ ኩባንያ ጋር ስለተዋዋሉ አብረው ስቱዲዮ መግባት አልቻሉም፤ ያን ጥምረት የምንሰማው በእነዚህ የሬዲዮ ቅጂዎች ነው።

የዚያኑ ያህል ሣጥኑ የኩባንያውን ድንበር ያሳያል። በጥቁር አሜሪካውያን ላይ ይፈጸም የነበረውን በገመድ ሰቅሎ መግደል የሚያወግዘውን «ስትሬንጅ ፍሩት»ን ኮሎምቢያ ለመቅረጽ ስላልፈለገ፣ ሆሊዴይ በ1939 ኮሞዶር ለተባለ ትንሽ አሳታሚ ዘፈነችው። ስለዚህ «ሙሉ» የተባለ ስብስብ ስንገዛ የማን ሙሉ እንደሆነ መጠየቅ ይገባናል።

ከቴፕ ዘመን የመጡ ስብስቦች ችግራቸው ሌላ ነው። ኤላ ፊትዝጀራልድ ከ1956 እስከ 1964 የዘፈነቻቸው ስምንት «ሶንግ ቡክ» አልበሞች በ1993 በ16 ሲዲ ተሰብስበው ወጥተዋል። በዚህ ጊዜ የባለሙያው ትግል ከቅጂ የተቀዳውን ቅጂ ትቶ የመጀመሪያውን ቴፕ ማግኘት ነው።

የኢትዮጵያ አድማጭ ይህን ልዩነት ያውቀዋል። ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ የደከመው የ1960ዎቹና የ70ዎቹ ሙዚቃችን፣ አቶ አምሃ እሸቴ ያሳተሟቸውን ሥራዎች ጨምሮ፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፈረንሳይ ባዘጋጁት «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ዳግም ሲወጣ የማሕሙድ አሕመድና የዓለማየሁ እሸቴ ድምፅ ከቀድሞው ቀርቦ ተሰምቷል።

ስብስብ ለመግዛት ያሰበ ሰው ጥቂት ነገር ያጣራ። መጽሐፉ የቀረጻውን ቀንና ተጫዋቾቹን ይዘረዝራል? ድምፁ ከምን ዓይነት ቅጂ እንደተወሰደ ይናገራል? ያጠራው ባለሙያ ስሙ ተጽፏል? ሲያዳምጡ ደግሞ የዘፋኙን ትንፋሽና ጸናጽሉን ይከታተሉ፤ እነሱ ከጠፉ ሣጥኑ የቱንም ያህል ቢያምር ሥራው ተበላሽቷል።

እቤቱ አሮጌ ሸክላ ያለው ሰውም አይጣለው። ሰኔ 1 ቀን 2008 በሆሊውድ ዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ በተነሳው እሳት መተኪያ የሌላቸው ዋና ቅጂዎች ነደዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ በአንድ ግለሰብ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ሸክላ ለባለሙያው የመጨረሻው ምንጭ ሊሆን ይችላል። ሸክላውን አቁሞ ማስቀመጥ፣ በተበላ መርፌ አለማጫወት፣ ሙጫውን ስለሚያሟሟው በአልኮል ጨርሶ አለመወልወል፤ ይህን ማንም ሰው ዛሬውኑ ሊጀምረው ይችላል።