ሕዋሱ አይቸኩልም

ጅቡቲ ከተማ፣ አርሂባ ሰፈር ውስጥ ከአዲስ አበባ መጥተው እዚያው የቀሩ አንድ የፓርኪንሰን ሕመምተኛ አዛውንት አውቃለሁ። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ሲያርፍ ይንቀጠቀጣል፤ ሲኒ ሊያነሱ ሲዘረጉት ግን ረገብ ይላል። ልጃቸው ስልኳ ላይ ስለ ስቴም ሴል አንድ ነገር ባየች ቁጥር፣ «እኛ ጋ መቼ ይደርሳል?» ትለኛለች።

ወሬው ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ኔቸር መጽሔት ላይ ሁለት ጥናቶች አብረው ወጡ። በኪዮቶ የጁን ታካሃሺ ቡድን ለ7፣ በአሜሪካና በካናዳ ደግሞ ሌሎች ሐኪሞች ለ12 የፓርኪንሰን ሕሙማን በቤተ ሙከራ ከስቴም ሴል ያሳደጉትን፣ ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል የሚያመነጭ ሕዋስ አንጎል ውስጥ ተከሉ። ዕጢ አልበቀለም። ከኪዮቶዎቹ ለውጤት ከተመዘኑት 6 ሰዎች የ4ቱ እንቅስቃሴ፣ መድኃኒት ባልወሰዱበት ሰዓት ሲለካ፣ ተሻሽሏል። ማነጻጸሪያ ቡድን ግን አልነበረም፤ በዚህ ሕመም ደግሞ ተስፋ ብቻውን እጅ ያፍታታል።

ሁሉም ስለ ሕዋሱ ያወራል፤ የተናቀው ጊዜው ይመስለኛል። የሚተከለው ለጋ ሕዋስ ነው። ሥር ሰዶ ዶፓሚን እስኪሰጥ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው የአሜሪካ ጥናት የጽንስ ሕዋስ የተተከለላቸውን በአንድ ዓመት መዝኖ ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑት ጥቅም አላየም፤ የቸኮለ ሚዛን ይመስለኛል። ስዊድን፣ ሉንድ ውስጥ ተመሳሳይ ሕዋስ ከተተከለላቸው የአንዱ አንጎል ከ24 ዓመት በኋላ ሲመረመር ሕዋሱ በሕይወት ነበር። ሰውየው ያገኙት ጥቅም ግን ቀድሞ ጠፍቷል። ለሕዋሱ ጊዜ ይሰጠዋል፤ በሽታውም በዚያው ጊዜ ይጠቀማል።

መጠበቁም ባዶውን አይደለም። ሰውነት ባዕዱን ሕዋስ እንዳይዋጋ፣ የበሽታ መከላከል አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት ዓመት ያህል ይዋጣል። ሳንባ ነቀርሳ በተስፋፋባት ጅቡቲ ይህ ያስፈራኛል። የፓርኪንሰን ዋና መድኃኒት የሆነው ሌቮዶፓም አይቀርም፤ በጥናቶቹ የተሳተፉት ከተከላው በኋላም ይወስዱት ነበር። ለተከላ የሚመረጠውም ሌቮዶፓ የሚሠራለት ሰው ነው። ከመድኃኒቱ ጋር ያለው የዕለት ትግል ቀላል አይደለም፤ ራሳቸው ሕመሙ ያለባቸው ክብራ ከበደም አዲስ አበባ ላይ የሕሙማን ድጋፍ ድርጅት አቋቁመዋል።

ትናንት ልጅቱ ስትደውል ስለ ጃፓን አላነሳችም። ዘመዷ መድኃኒቱን ይዞ ናጋድ ባቡር ጣቢያ የሚወርደው ሐሙስ ነው፤ ካርቶኑ ውስጥ የቀሩት ፍሬዎች የሚያደርሱት እስከ ረቡዕ ጠዋት ነው።